አዲስ ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፣ ሱቁ «ዲናሞሽን አሳዪ» ይለኛል። ጋራንቲው ታዲያ ለምን ነው?

ባለቪትዟ፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ቪትዝ ነው የምይዘው፣ አውቶማቲክ። ኅዳር ላይ መሃል ከተማ ካለ አንድ ሱቅ (ስሙን አልጽፍም፣ ገና አልጨረስንም) አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ትንሹን ኤንኤስ 40 የሚሉትን፣ ውሃ የማይጨመርበትን። «ኮሪያ ነው፣ የዓመት ጋራንቲ አለው፣ ተኝተሽ እደሪ» አለኝ ሻጩ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ተኝቶ የሚያድረው ባትሪው ሆኗል። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል በቃ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይጠፋል። አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም፣ ጎረቤት እየለመንኩ በኬብል ነው የማስነሳት፣ አሁንማ ጎረቤቶቼ ፓርኪንግ ላይ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል ኪኪኪ

ሱቅ ስሄድ ልጁ የጋራንቲ ካርዱን ተቀብሎ አየና «ይሄማ ጊዜው ካለፈ ቆየ» አለኝ። ለካ በእጅ 5/3/17 ተብሎ የተጻፈውን በፈረንጅ አንብቦት ነው፣ ማርች 2017! ኧረ ኅዳር 5 ነው ብዬ የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝ አውጥቼ ኖቬምበር 14 2024 የሚለውን አሳየሁት። ከዛ «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ዲናሞሽን አሳዪ፣ የኛ ባትሪ ችግር የለበትም» ተባልኩ። የካርዱ ጀርባ ላይ ደሞ በደቃቅ ፊደል «ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትን ብቻ ይመለከታል፣ ቻርጅ የጨረሰ ባትሪ አይቀየርም» ይላል። እኔን ያልገባኝ እሱ ነው። ባትሪ ሲበላሽ ቻርጅ መጨረሱ አይደለም እንዴ? በምን ነው የሚለየው? የሚያውቅ በናታችሁ

ፒያሳ_ድሮ፦
ወንድሜ እርሳው። ዕቃ ከሱቅ ከወጣ ወጣ። ጋራንቲ ማለት ሻጩ ሲሸጥልህ የሚስቀው ፈገግታ ነው

ባለቪትዟ፦
እህት ነኝ 🙂 ደሞ አልረሳውም፣ የባትሪ ዋጋ አሁን ስንት እንደገባ ታውቃለህ?

ፒያሳ_ድሮ፦
ይቅርታ እህቴ። ዋጋውንማ አታስታውሺኝ። ግን ደረሰኝ ስላለሽ ካብዛኞቻችን ትሻያለሽ፣ እኛ «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ» ሲሉን 15 በመቶዋን ቫት ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ ብለን እንወስድና ኋላ የምናሳየው ወረቀት የለም

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
እህቴ እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ነው የምሠራው፣ የሱቁ ልጅ ያለሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው ግማሹ ማምለጫ ነው። እውነቱን ላስረዳሽ። ቻርጅ ያለቀበት ባትሪና የተበላሸ ባትሪ ጠዋት ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት፣ ሁለቱም ጠቅ ጠቅ ነው የሚሉት። የሚለያዩት ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ ነው። ቻርጅ ያለቀበቱ ሲሞላ ይመለሳል፣ የተበላሸው ወይ አይሞላም ወይ ሞልቶ አይዝም።

መኪና ባትሪ ውስጥ ስድስት ሴል አለ፣ እያንዳንዱ ሁለት ቮልት ከምናምን። በደንብ የሞላ ባትሪ መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይ 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12 ከሆነ ጭራሽ ወደ ማለቁ ነው። አሁን ዋናውን ስሚኝ፣ ቻርጅ አድርገሽው አርፎ 10.5 አካባቢ ላይ ከቆመ አንድ ሴል ሞቷል ማለት ነው፣ ሁለቱ ቮልት ከዛ ነው የጎደለው። እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ማንም ኤሌትሪሺያን ቢያይልሽ ያንኑ ነው የሚልሽ።

ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ማለት ነው) ደግሞ ለማየት መኪናው ተነስቶ ባትሪው ላይ 13.8 እስከ 14.5 ገደማ ማንበብ አለበት። ከ13.5 በታች ከሆነ አይሞላም፣ 15 ካለፈ ደሞ ባትሪውን እየቀቀለው ነው፣ ያኔ ሱቁ እውነት አለው። መልቲሜትር ከሌለሽ ማንኛውም ኤሌትሪሺያን ጋ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነገር ፍሳሽ ነው። መኪናው ተቆልፎ ቆሞ የሚበላው ኤሌትሪክ ማለቴ ነው። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ራዲዮ ምናምን አስገጥመሻል?

ባለቪትዟ፦
አላርም አለው፣ ጂፒኤስም ባለቤቴ አስገጥሟል ለሌባ ብሎ

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
በይ እንግዲህ እሱን አስለኪ። መኪናው ጠፍቶ በሮቹ ተዘግተው ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለካው፣ ኮምፒውተሩ እስኪተኛ። ቶሎ ከለካው ብዙ ነው የሚያሳየው፣ ያለአግባብ ትደነግጫለሽ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከዛ በላይ ከሆነ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ሲነቀል እንደሚወርድ ማየት ነው

ሌሊት_ሹፌር፦
ኤሌትሪሺያኑ ያለውን ሁሉ አድርጊ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ባትሪውን ሱቅ አታሳድሪ!! እኔ ላይ የደረሰ ነው። ወሰድኩላቸው «እኛ ጋ ይደር ቴስት አድርገን ነገ እንነግርሃለን» አሉኝ፣ እኔ በሥራ ሰዓቴ ያለ መኪና ዋልኩ አደርኩ፣ ጠዋት ስሄድ ሜትሩን ደግነው «ይኸው 12.9፣ ባትሪህ ሙሉ ነው ዲናሞህን አሠራ»። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ሰክተውት አድሮ እኔ ስደርስ ነቀሉት ማለት ነው እንግዲህ። ወስጄ አሰርኩት፣ ለሁለተኛው ቀን ጠዋት እንደገና ሞቶ አገኘሁት። ተመለስኩ፣ እንደገና «ይደር»። እንደዛ እያመላለሱኝ ጋራንቲው አለፈ በቃ። የሚፈልጉትም እሱን ነው መሰለኝ

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
ትክክል ነህ፣ ከቻርጀር ላይ ወዲያው ተነቅሎ የሚለካ ቁጥር ውሸታም ነው፣ ላይ ላዩን ያለ ቻርጅ ነው። ወይ ጥቂት ሰዓት ማረፍ አለበት ወይ ፊት መብራት አብርቶ ያንን ማውረድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው በጭነት መለካት ነው፣ የባትሪ ቴስተር ካላቸው በሱ። ከሌላቸው መኪናው ላይ አስረው ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ሜትሩን ማየት፣ ሲነሳ ከ9.6 በታች ወርዶ ከወደቀ (ባትሪው ሞልቶ እያለ) ደካማ ነው።

ጋሽ_ዲኤክስ፦
ልጆቼ ድሮ እኮ እንዲህ ጣጣ አልነበረም። ባትሪው ስድስት ክዳን አለው፣ ክዳኑን ከፍተን ውሃውን እናያለን፣ በዛች አሲድ በምትለካ ብርጭቆ ሴሉን አንድ በአንድ እንለካለን፣ የትኛው እንደሞተ እዛው ይታወቃል። አሁን ሁሉንም ጠርቅመው ደፍነው «አይከፈትም» አሉን፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። ደሞ ባትሪ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠሽ እንዳይሆን ልጄ፣ ሲሚንቶ ኃይሉን ይመጠዋል። እኔ ሁሌ ጣውላ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
ጋሼ የሴሉ ነገር እውነትዎን ነው፣ ዛሬም ክዳን ያለው ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፣ የአሲዱ ክብደት ከውሃ አንጻር አንዱ ሴል 1.26 ሆኖ አንዱ 1.10 ከሆነ ነገሩ አለቀ። የሲሚንቶው ግን የድሮ ባትሪ ሳጥን ጊዜ የቀረ ነው፣ አሁን ፕላስቲኩ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ሳይነካም ቢቀመጥ በራሱ ይወርዳል፣ በዛ ነው ሲሚንቶው የሚታማው

ጋሽ_ዲኤክስ፦
እኔ ግን ጣውላዬን አልተውም።

ሚሚ_ካዛንቺስ፦
ጋሼን ወደድኳቸው 😂 እኔ ደሞ የሚገርመኝ ብርድ ነው የሚሉት ነገር። እኔም ክረምት ላይ ነው ሁሌ የሚሞትብኝ፣ ሻጩ «ብርዱ ነው» ይለኛል። አዲስ አበባ ሩሲያ ናት እንዴ

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
ብርድ ባትሪ አይገድልም፣ የታመመውን ያጋልጣል። ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ዘይቱ ስለሚወፍር ይከብደዋል፣ ስለዚህ ደካማው ባትሪ ጠዋት ላይ ይያዛል። ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ድሬዳዋና አፋር ያሉ ሹፌሮች ይነግሩሻል። ባትሪው ላይ ሲሲኤ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር (በብርድ የማስነሳት ጉልበቱ) እንኳን የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው፣ የኛን ክረምት ጠዋት ጤነኛ ባትሪ አይፈራውም። ስለዚህ «ብርዱ ነው» ብሎ የመለሰሽ ሻጭ መልስ አልሰጠሽም

ባትሪ_ሻጭ፦
እዚህ ሁላችሁም ሻጭን ትሰድባላችሁ፣ እኔ ሻጭ ነኝ (የሷ ሱቅ አይደለሁም) እስኪ የኛንም ስሙ። ከሚመለስልኝ ባትሪ ብዙው ምንም ያልሆነ ነው፣ በእውነት። አንዱ መኪናውን ወር አቁሞ ክፍለ ሀገር ሄዶ ይመለሳል፣ አንዱ ትልቅ ሙዚቃ ከነአምፕሊፋየሩ አስገጥሞ ሞተር አጥፍቶ ሲጨፍር ያመሻል፣ አንዱ ደሞ ቤቱ መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተር ላይ አስሮ ቴሌቪዥን ሲያይበት ከርሞ «ፋብሪካው ነው» ይለኛል። የመኪና ባትሪ ለማስነሻ ነው የተሠራው፣ ሙሉ በሙሉ እየጨረስክ ከሞላኸው ጥቂት ጊዜ ነው የሚታገስህ፣ ውስጡ ነጭ ነገር ይጋግርና አይመለስም። ይሄ የፋብሪካ ጉድለት ነው? አይደለም። እኔ ዝም ብዬ ብቀይርላችሁ አስመጪው ለኔ አይቀይርልኝም። አስመጪው ደሞ ያበጠውን፣ የተርሚናሉ ራስ በመዶሻ የተመታውን፣ ስቲከሩ የተላጠውን አይቀበልም። ኪሳራው እኔ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ለዛ ነው «ዲናሞህን አሳይ» የምንለው

ሌሊት_ሹፌር፦
እሺ ይሁን ግን ያ ያንተና የአስመጪው ጉዳይ ነው፣ እኔ የገዛሁት ካንተ ነው

ባትሪ_ሻጭ፦
ልክ ነህ አልክድም። ግን ደንበኛም መረጃ ይዞ ይምጣ ነው የምለው። ዲናሞው ስንት እንደሚሞላ፣ ፍሳሹ ስንት እንደሆነ ኤሌትሪሺያን ጽፎ ፈርሞበት ይዞልኝ የሚመጣ ደንበኛ ጋ እኔ አልከራከርም፣ እዛው ነው የምቀይርለት። «አይነሳም» ብቻ ይዞ የሚመጣው ነው የሚያስቸግረኝ

ሰንጋተራ_ሕግ፦
የሕጉን በኩል ላስገባ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይላል፣ ሻጩ ከዛ የተሻለ ዋስትና ከሰጠ ደግሞ የተሻለው ይሠራል። ስለዚህ አንቺ 15 ቀኑ ቢያልፍሽም የዓመቱ ካርድ በጽሑፍ የተሰጠሽ ውል ነው፣ የሻጩ ቸርነት አይደለም። ከዛ በተጨማሪ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን ነው ይላል፣ ግን ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፣ በቃል ብቻ ሄዶ ተናግሮ ይመለሳል፣ ኋላ «መቼ መጥተህ» ይባላል። ስትሄጂ ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፈሽ አስፈርሚ፣ እምቢ ካሉ በቴሌግራምም ቢሆን ጽፈሽ ላኪላቸው። ካልሆነ ሱቁ ያለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ፣ ደረሰኝ ስላለሽ ይሰሙሻል። ደረሰኙን ደሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፣ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ዳሽቦርድ ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፣ ባዶ ወረቀት ይዘሽ እንዳትቀሪ

ሚሚ_ካዛንቺስ፦
ሱቁ ከሌለስ? እኔ የገዛሁበት ሱቅ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ፣ ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ አሁን አስፋልትና አበባ ነው። ስልኩ ደሞ «ሊያገኟቸው አልቻሉም»

ሰንጋተራ_ሕግ፦
ሱቁ ቦታ ቢቀይርም ነጋዴው አልጠፋም። ደረሰኙ ላይ የግብር ከፋይ ቁጥሩ አለ አይደል፣ ስልኩ ባይሠራም በሱ ቁጥር ንግድ ቢሮ ጠይቂ፣ አዲሱ አድራሻ እዛ ሊገኝ ይችላል። ትንሽ ያመላልስሻል አልዋሽሽም

ባለ_ኤሌክትሪክ፦
እኔ ኤሌክትሪክ ገዝቼ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገልኩ 😎

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
አልተገላገልክም ወንድሜ፣ ያንተም መኪና 12 ቮልት ባትሪ አላት። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ሆኖ ትንሿ ከሞተች መኪናው በር እንኳን አይከፍትልህም። የሷን ጋራንቲ ስንት ወር እንደሆነ ለብቻው ጠይቅ፣ ከትልቁ ጋር አንድ አይደለም ብዙ ጊዜ

ባለ_ኤሌክትሪክ፦
ኧረ በማርያም

ባለቪትዟ፦
ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ኤሌትሪሺያን ጋ አደረስኳት። ዲናሞ 14.2፣ መብራትና ኤሲ ተከፍቶ 13.9። ጤነኛ ነው አለኝ። ፍሳሹ ግን 120 ሚሊአምፒር ሆኖ ተገኘ። ጂፒኤሱ ፊውዝ ሲነቀል ወደ 35 ወረደ። አሁን ግራ ገባኝ፣ ይሄን ይዤ ሱቅ ብሄድ «ይኸው ያንቺ ጂፒኤስ ነው የጨረሰው» አይሉኝም?

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
ይሉሻል። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 120 ሚሊአምፒር ማለት 0.12 አምፒር ነው፣ ማታ ካቆምሽበት እስከ ጠዋት የአሥር ሰዓት ርዝመት ብንል 1.2 አምፒር-ሰዓት ነው የሚበላው። ያንቺ ባትሪ 35 አካባቢ ነው የሚይዘው። ጤነኛ ባትሪ 35 ይዞ 1.2 ስለተበላ ጠዋት አልነሳም ይላል? አይልም። ሳምንት ብታቆሚያት ግን አዎ ያወርደዋል። ስለዚህ ጂፒኤሱ ይስተካከል (በትክክል አልታሰረም፣ ወይ ራሱ ተበላሽቷል) ግን በየጠዋቱ የሚገድልሽ እሱ አይደለም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ አስሞይው፣ ቀስ ብሎ፣ «ቶሎ ቻርጅ» እንዳያደርጉት። ከዛ ከመኪናው ነቅለሽ ለብቻው አሳድሪው። ማታ ስንት እንደነበር ጠዋት ስንት እንደሆነ ከነሰዓቱ በስልክ ፎቶ አንሺ። ከመኪና ተነቅሎ ያደረ ባትሪ በዲናሞም በጂፒኤስም ማሳበብ አይቻልም። ስትነቅይ ነጌቲቩን አስቀድሚ፣ ስታስሪ ፖዘቲቩን፣ ካልሆነ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ ብልጭታ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ደሞ አየር ያለበት ቦታ ይሁን፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል፣ አጠገቡ ሲጋራ ምናምን የለም

ጋሽ_ዲኤክስ፦
ስታሳድሪው ጣውላ ላይ ልጄ።

ባለቪትዟ፦
እሺ ጋሼ ጣውላ ላይ 😂

ፒያሳ_ድሮ፦
እኔ በበኩሌ ግን የዚህ ከተማ መንገድ ራሱ ባትሪ ገዳይ ነው እላለሁ። ከአራት ኪሎ ስታዲየም ሄዶ ሞተር ማጥፋት፣ ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ መብራት ላይ ቆሞ መጥረጊያውና የፊት መብራቱ እየሠራ... ምን ሊሞላ ነው

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
ይሄም እውነት ነው፣ አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ባትሪዋ ሁሌ ግማሽ ሆድ ነው። አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ ማስኬድ ወይ ቻርጀር ላይ ማሳደር ዕድሜውን ያረዝመዋል። ግን ዓመት እንኳን ሳይሞላው አይገድለውም

ባለቪትዟ፦
ውጤት። ማታ ከቻርጀር ተነቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል አርፎ 12.5፣ ጠዋት 10.6!! ፎቶ አለኝ ሁለቱንም። ኤሌትሪሺያኑም ወረቀት ላይ ዲናሞውንም ፍሳሹንም ጽፎ ፈረመልኝ። ልሄድ ነው

ሌሊት_ሹፌር፦
10.6? አለቀ። ሴሏ ሞታለች። ሂጂና አሳዪያቸው

ባትሪ_ሻጭ፦
እኔ ሱቅ ብትመጪ እዛው ነው የምቀይርልሽ በዚህ መረጃ። ግን ከመውሰድሽ በፊት አዲሱን ባትሪ አስለኪ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይነካ እንኳን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ከ12.4 በታች ካነበበ አትውሰጂ። የተመረተበት ቀንም ባትሪው ላይ አለ፣ አጻጻፉ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ እንዲያነቡልሽ ጠይቂያቸው፣ ማንበብ ካልፈለጉ ራሱ መልስ ነው ኪኪ

ባለቪትዟ፦
ሄጄ መጣሁ፣ ገና ትንሽ ተናድጃለሁ። በመጀመሪያ ያ ልጅ «ይደር» አለ፣ አይደርም አልኩት፣ አሁን እኔው ፊት ለኩት። ለካው፣ 10.5። ዝም አለ። ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን አነበቡ ፎቶውን አዩ «ትክክል ነሽ ይቀየርልሻል» አሉ። ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ «ግን ዋጋው ጨምሯል፣ ልዩነቱን ትከፍያለሽ» አሉኝ። ይሄ ደሞ ከየት መጣ? ካርዱ ላይ የለም! እስካሁን አልከፈልኩም፣ ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ሕግ የሚያውቀው ሰውዬ የት ነህ

ሰንጋተራ_ሕግ፦
አለሁ። ካርዱ «ይቀየራል» ነው የሚለው አይደል? ቃል የገቡልሽ ዕቃ እንጂ የብር መጠን አይደለም። እነሱ ያንን ባትሪ ጤነኛ አድርገው ሊያስረክቡሽ ነበር፣ አላስረከቡሽም፣ አሁን ግዴታቸውን ነው የሚፈጽሙት። የዋጋ ጭማሪ ክፈይ የሚል በጽሑፍ ካልተስማማሽ የምትከፍይበት ምክንያት አይታየኝም። ብሩን ተመላሽ ብትጠይቂ ኖሮ ነው ነገሩ የሚለየው፣ ያኔ የምታገኚው ደረሰኝሽ ላይ ያለውን ነው፣ ዛሬ በሱ ብር ያንን ባትሪ አትገዢበትም። ስለዚህ ዕቃውን ያዢ

ባትሪ_ሻጭ፦
ፍትሃዊ ለመሆን፣ አንዳንድ አስመጪ የተጠቀምሽበትን ወር አስቦ ቀሪውን ብቻ ነው ለኛ የሚክሰን፣ ሱቁ ከዛ ተነስቶ ይሆናል የጠየቀሽ። ግን ይሄ ካርድሽ ላይ ካልተጻፈ አንቺን አይመለከትሽም፣ እኔም ሻጭ ሆኜ እላለሁ። ልዩነት የሚከፈለው ከፍ ያለ ዓይነት ወይ ትልቅ ሳይዝ ስትመርጪ ነው። ለሱ ብለው ኤንኤስ 60 ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ መቀመጫው ላይ አይገባም፣ የፖዘቲቩ ጎንም ሊገለበጥ ይችላል፣ «ኤል» እና «አር» የሚለውን እዪ። ያንቺው ዓይነት ይሁን

ሌሊት_ሹፌር፦
አሮጌውንም ዝም ብለሽ አትስጪ፣ ሊድ (እርሳስ ብረት) አለው፣ ገንዘብ ያወጣል

ባትሪ_ሻጭ፦
ኧረ በጋራንቲ ሲቀየር አሮጌውን እንቀበላለን፣ ለአስመጪው የምናሳየው እሱን ነው። አሮጌ ባትሪ የራስሽ የሚሆነው በብርሽ አዲስ ስትገዢ ነው፣ ያኔ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ለቆራሌው ደሞ አትስጡ፣ አሲዱን ቱቦ ውስጥ ደፍቶ ሊዱን ነው የሚወስደው

ባለቪትዟ፦
ተቀየረ!!! ያለ ምንም ጭማሪ። «ካርዱ ላይ ልዩነት የሚል አሳዩኝ» ስላቸው ኃላፊው ትንሽ ካሰቡ በኋላ «ስጣት» አሉት ልጁን። መጀመሪያ ያመጣልኝ ባትሪ 12.2 አነበበ፣ አቧራው ራሱ ይናገራል፣ አልወስድም አልኩ። ሁለተኛው 12.6። አሰሩልኝ፣ መኪናውን አስነስቼ 14.2 እየሞላ እንደሆነም ለካሁ (መልቲሜትር ገዛሁ እኮ፣ አሁን እኔ ነኝ የፓርኪንጉ ኤሌትሪሺያን)። ጂፒኤሱም ተስተካክሏል፣ ፍሳሹ 40 ነው።

አንድ ነገር ግን፣ አዲሱ ባትሪ ጋራንቲው ከዛሬ ነው የሚቆጠረው ስላቸው «አይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ነው፣ እስከ ኅዳር ብቻ ነው ያለሽ» አሉኝ። እንዲህ ነው እንዴ?

ባትሪ_ሻጭ፦
አብዛኛው ቦታ እንደዛ ነው አዎ። ካርዱ መቀየርን ነው እንጂ ማደስን አይልም። ግን የተቀየረበትን ቀን ካርዱ ላይ አስጽፈሽ ማህተም አስመቺ፣ አዲሱ ባትሪ ላይ ያለውን ቁጥርም ጨምረው ይጻፉ። ካልሆነ ኅዳር ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ቢሆን «ይሄ ቁጥር ካርድሽ ላይ ካለው አይገጥምም፣ ከኛ አልገዛሽም» ሊሉሽ ይችላሉ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያጋጥመው

ሰንጋተራ_ሕግ፦
ቀኑን ደሞ በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፊ 😂

ባለቪትዟ፦
ኪኪኪ እሱን አስቤዋለሁ፣ «ኅዳር» ብለው በፊደል ነው የጻፉት። የባትሪው ቁጥር ግን አልተጻፈም፣ ነገ በዛ በኩል ሳልፍ ገብቼ አስጽፋለሁ።

አሁን ሌላ ጣጣ፣ ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ራዲዮው በጃፓንኛ የሆነ ነገር ጽፎ ቁጥር አስገቢ ይለኛል፣ አይሠራም። ሰዓቱም ዜሮ ሆኗል። ይሄስ በጋራንቲ ይቀየራል? ኪኪ

ኤሌትሪሺያኑ_ተክለሃይማኖት፦
እሱ ከጃፓን የመጣው ኦሪጅናል ራዲዮ ነው፣ ኤሌትሪክ ሲቋረጥበት ለሌባ ብሎ ይቆለፋል። ዝም ብለሽ ቁጥር አትሞክሪ፣ በተሳሳተ ቁጥር ደጋግመሽ ከሞከርሽው ጭራሽ ይዘጋል። የራዲዮውን ሲሪያል አውጥተው ኮዱን የሚሰጡ ልጆች ሶማሌ ተራ አሉ። ሌላ ጊዜ ባትሪ ስትቀይሪ ከመንቀልሽ በፊት ትንሽ ባትሪ በጎን አስረው እንዲያቆዩልሽ ንገሪያቸው፣ ሜሞሪው አይጠፋም

ሚሚ_ካዛንቺስ፦
እኔም ተዘግቶብኝ አለ ያ ነገር፣ ሶማሌ ተራ የትኛው ጋ ነው? አብረን እንሂድ በናትሽ

ባለቪትዟ፦
ቅዳሜ ጠዋት ይመችሻል? እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ አሁን መኪናዬ ትነሳለች